ለሁለት ሰው የሚሆን ሌንስ

ወንዳወቅ የከብት ሐኪም ነው፤ ቢያንስ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ከፍኖተ ሰላም እየተነሣ በየቀበሌው ይዞራል፤ በሬ ይከትባል፣ ላም ያያል፣ የሰንጋ ሆድ ይደባብሳል። ገበሬው ግን እሱን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው። ሰው ማልዶ ከብቱን አጉሮ ሲጠብቅ፣ ሐኪሙ ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ መርፌውን ያወጣል ሲባል፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ካሜራ ያወጣና በበሬው ቀንድ ላይ ያረፈችውን የጠዋት ፀሐይ ሲያነሣ ያረፍዳል።

«ሐኪም፣ በሬው እኮ ታሟል» ይሉታል።

«አንድ ጊዜ ብቻ! ብርሃኑ እንዳያልፈኝ» ይላል።

ብርሃኑ አያልፈውም፤ በሬው ግን አንዳንዴ ያልፋል። መሥሪያ ቤቱ ለክትባት መያዣ ብሎ ከሰጠው የበረዶ ሣጥን አንዱ በረዶ ገብቶበት አያውቅም። ከአቧራ እንዲጠበቁ ሌንሶች ናቸው የሚቀመጡበት። ገበሬው ሣጥኑ ተከፍቶ ያን ሁሉ ጥቁር ብልቃጥ ሲያይ፣ ዘንድሮስ መንግሥት ለከብቱ አስቦበታል ብሎ የመረቀበት ቀን አለ።

በሽታው የያዘው ኮሌጅ እያለ ነው። ዝናብ ሊጥል የደፈረሰ ሰማይ በስልኩ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። አንዲት ፊቷን አይቶት የማያውቅ ልጅ «ዋው» ብላ ጻፈችለት። ያች «ዋው» ያመጣችውን ጣጣ ልጅቱ ብታውቅ ኖሮ ጣቷን ትሰበስብ ነበር። ወንዳወቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሰጥኦ እንዳለው አወቀ። ተሰጥኦ ያለው ሰው ደግሞ በስልክ አይሠራም። ሥራ እንደያዘ ባሕር ዳር ሄደና ሠርግ ማንሣት ከሰለቸው አንድ ሰውዬ አሮጌ ካሜራ ገዛ።

ካሜራውን በገዛ በሳምንቱ፣ ካሜራ ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ተማረ። ዋናው ሌንሱ ነው። ስለዚህ ባለሃምሳ ሚሊሜትሩን ሌንስ ገዛ፤ ለሰው ፊት። ቀጥሎ ሰማንያ አምስቱን ገዛ፤ እሱም ለሰው ፊት፣ ግን ይበልጥ ለሚወደድ ፊት። ቀጥሎ ክንድ የሚያህለውን ረጅሙን ገዛ፤ ለወፍ። ወፍ ወዶ አያውቅም፤ ቢሆንም አንድ ቀን ብወድስ ብሎ አሰበ። ከዚያ ሰፊው መጣ፣ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ የሌንስ ቦርሳ መጣ፣ የሌንስ ቦርሳውን የሚይዝ ሌላ ቦርሳ መጣ። ሌንሶቹን በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ እንደ ልጆቹ። «ሰማንያ አምስቴ ዛሬ ደስ አላላትም» ሲል የሰማ ሰው፣ አንዲት አሮጊት ታማበት ይሆናል ብሎ እግዜር ይማርልህ ብሎታል።

ቴሌግራም ላይም ማኅበር አለው። «የመስተዋት ወዳጆች» ይባላል። አባላቱ ከአዲስ አበባ እስከ ዱርቤቴ ተበትነው ሌሊትና ቀን ስለ ሌንስ ይነጋገራሉ። ፎቶ ግን አያሳዩም፤ ነውር ይመስል። ቢያሳዩም የግድግዳ ነው። አዲስ ሌንስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ግድግዳ ነው፤ ጥራቱን ለመፈተን። ወንዳወቅም የተከራየበትን ቤት ግድግዳ በየሌንሱ፣ በየሰዓቱ፣ ከቅርብም ከሩቅም አንሥቶታል። አከራይዋ ሴትዮ ቤታቸውን ሊያስፈርስ ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ሰው ነው ብለው ጠርጥረው፣ ስንት ጊዜ አጥር ላይ ቆመው አዩት።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛው ተስፋው አንድ ቀን ቤቱ ገብቶ ያን ሁሉ ዕቃ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ስማ አንተ፣ ፎቶ ነው የምታነሣው ወይስ ዕቃ ነው የምታረባው?» አለው። ወንዳወቅ ሳቀ። ያልገባው ሰው መቼም አይገባውም ብሎ አዘነለት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ማንም ምንም ባላለ ነበር። ስንቱ በመጠጥ ይጠፋል፤ እሱ በመስተዋት ጠፋ። ጣጣው እናቱ ናቸው።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከወንዳወቅ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ሆነው የሚነሡት ፎቶ። ይህን ማንም ያውቃል፤ ለሁሉ ነግረዋላ።

«ሰው ቤት ስገባ የሰው ልጅ ሁሉ ከግድግዳ ላይ ይስቃል። የእኔ ቤት ጭቃ ብቻ። ፎቶ አንሽ የወለድሁት እኔ፣ ፎቶ የሌለኝም እኔ!» ይላሉ።

ልጃቸው አይወዳቸውም ማለት አይደለም። ይወዳቸዋል። በመውደዱም ምክንያት እንዲሁ በማንም ሌንስ ሊያነሣቸው አልፈለገም። ሰማንያ አምስቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አይዝም። ሰፊው ሁለት ሰው ይይዛል፤ ግን አፍንጫ ያገዝፋል፣ የእናቱ አፍንጫ ደግሞ በቂ ነው። በረጅሙ ለማንሣት ካሜራውን ከወንዝ ማዶ መትከል ያሻል። ሃምሳው ደህና ነበር፤ እሱን ደግሞ ማኅበሩ ውስጥ አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል ብሎ ጽፎበት ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ጠላው። እንዲህ እየተባለ አንድ ፋሲካ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ መነጽር ጀመሩ።

«ስልክ የለህም?» አሉት አንድ ቀን።

«በስልክማ ማንም ያነሣል፣ እማ።»

«እኮ! ማንም ካነሣ አንተን ምን አቃተህ?»

ወንዳወቅ ስለ ሌንስ ጠርዝ ቢያስረዳቸው ራሳቸውን ያማቸዋል ብሎ ሌንሱን መወልወል ያዘ።

ታዲያ አንድ የጥቅምት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ወንዳወቅ ሳይጠራ መጣ። እናቱ ሞተሩን ሲሰሙ ሮጠው ገብተው የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ፀጉራቸውን አበጣጠሩ፤ ነጠላቸውን አሳምረው ጣል አድርገው ከደጅ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ለእሱ ቦታ ትተው ነው የተቀመጡት። ወንዳወቅ ቦታውን አየው፤ ጥላ ያረፈበት ስለሆነ አልወደደውም።

«መጀመሪያ አንች ብቻሽን፤ ለሙከራ» አለ።

በካሜራው ቀዳዳ ሲያይ ቆየ። አንድ ነገር ጎደለው።

«እማ፣ ነጠላሽን አዙሪው። ያ የመሰለ ጥለት እግርሽ ላይ ምን ይሠራል? ወደ ላይ ይምጣ፣ ፊትሽን ይክበበው።»

የወይዘሮ ሀብትነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ዘቅዝቄ?»

«አዎ።»

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብኝና?»

ወንዳወቅ አገሩን የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ነጠላ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ፊት ሲመጣ ሐዘን መሆኑን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። አባቱ የሞቱ ጊዜ እናቱን ዓመት ሙሉ እንዲያ ሆነው አይቷቸዋል። ነገር ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው በቀዳዳ የሚያይ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ የጨፈነው ዓይኑ ውስጥ ነው የሚተወው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ ፊትን በቀለም ክበቡት ብሏል፤ ፈረንጁ ደግሞ ማንኩሳ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም።

«ለፎቶ እኮ ነው፣ እማ። ደቂቃ አይፈጅም።»

«ሟርት ነው።»

«ሟርት አይደለም፤ ፍሬም ነው።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ፍሬም ምን እንደሆነ አልጠየቁም። «እሽ። ከዚያ አብረን እንነሣለን?» አሉ።

«እንነሣለን።»

ዘቀዘቁት። ጥለቱ አንገታቸውን ሲነካ ባላቸው ትዝ አሏቸው መሰል ፊታቸው ወደቀ፤ ዓይናቸው መሬት መሬት አለ። ወንዳወቅ «በቃ! እንዲህ ሁኝ! እንዳትነቃነቂ!» ብሎ በደስታ ጮኸ። ደጋግሞ አነሣ፤ ተንበርክኮ አነሣ፤ ከድንጋይ ላይ ወጥቶ አነሣ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ግሩም ነበር። ሲጨርስ ፀሐይዋ ከዛፉ ጀርባ ገብታለች።

«እማ፣ ብርሃኑ ሄደብን። ደግሞም ይኸ ሌንስ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው። ቡሬ አንድ ሌንስ ይመጣልኛል፤ ልክ ለሁለት ሰው የሚሆን። እሱን ይዤ ሰኞ እመጣለሁ።»

እናቱ ነጠላቸውን አቀኑ። «ሰኞ ያልኸው የትኛውን ሰኞ ነው?» ብለው ገቡና ቀሚሱን አጥፈው ሣጥን ውስጥ መለሱት።

ወንዳወቅ ማታውኑ ፍኖተ ሰላም ገብቶ ፎቶውን አሰማመረ። ማሰማመር ማለት ጥቁርና ነጭ ማድረግ ማለት ነው። እናቱ ሟርት ነው ብለው የፈሩት ያ ጥለት ከሰል መሰለ። ቀጥሎ ሌባ እንዳይወስድበት ከግርጌው በትልልቅ ፊደል ስሙን ጻፈበት፤ ወንዳወቅ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። ጥሩ ፎቶ ማብራሪያ አይሻም ብሏል ያው ፈረንጅ። ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ስልኩን ዘጋ። ለምን ቢሉ፣ ለአለቃው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ለክትባት ዘመቻ እወርዳለሁ ብሎ ነበር። ኔትወርክ የሌለበት ሰው ስልኩ ከጠራ ነገር ይበላሻል።

ቅዳሜ ቡሬ ገባ። ሌንሱን የያዘው ነጋዴ ከአዲስ አበባ ገና እየመጣ ነው ተባለ። እሑድ ማታ መጣ። ወንዳወቅ ሌንሱን ከካርቶኑ አውጥቶ ለብርሃን ወደ ላይ ሲያነሣው ልቡ ዘለለ። ያደረበትን አልቤርጎ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን አነሣ። ግድግዳ ግን አንድ ነው፤ ሌንሱ የተገዛው ለሁለት ነው። ሰኞ ጠዋት ከገበያው ዳር ሁለት አህዮች ጎን ለጎን ታስረው አገኘና እነሱን አነሣ። የሁለቱም ጆሮ ጥርት ብሎ ወጣ። ስለ እናቱ አሰበ፤ ዛሬ በእርግጥ ያነሣቸዋል። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሞተሩ ማንኩሳ ላይ ነዳጅ ጨርሶበት በእግሩ ወደ መንደሩ ሲያዘግም እሪታውን ሰማ። ከእናቱ ቤት በታች ያለው ሜዳ ነጭ ለብሷል። ሰው ሞቷል። ወንዳወቅ አማተበ፣ «እግዜር ነፍስ ይማር» አለ፣ ማን ይሆን ብሎ አሰበ፤ ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ግን ያየው ብርሃኑን ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በነጭ ነጠላ ላይ! ወደ እናቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ እርከኑ ላይ ወጣ። ሰው ሐዘን ላይ እያለ ቀርቦ ማንሣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ነውሩን ከሩቅ ለመፈጸም ረጅሙን ሌንስ ገጠመ።

ሙሾ የምታወርደዋ ሴት ድምፅ ከነፋስ ጋር እየመጣ ይሄዳል። ቃሉ አይለይም። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ እንደ አገሩ ወግ የሟችን ዕቃ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የጀግና ጠመንጃ፣ የፈረሰኛ ኮርቻ፣ የቄስ መስቀል ሲወጣ አይቷል። ይኸኛው ሟች የምን ሰው እንደሆነ ለማየት ሌንሱን አጠበበ። አንዲት ሴት ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረቷን ትደቃለች።

«አይ፣ ደህና ማቆሚያ ነው» አለ ወንዳወቅ በልቡ። «እንደኔው።»

ቀጥሎ የሚያለቅስ ጎልማሳ አየ፤ ተስፋው ነው። ተስፋው እዚህ ምን ይሠራል? ቀጥሎ የበረዶ ሣጥን አየ፤ ተከፍቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ ፈረስ ቤት ከተማ የሚኖሩትን የእናቱን እህት፣ አክስቱን ዓባይነሽን አየ። ዓባይነሽ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ ሰማንያ አምስቱን ያለ ክዳን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው ወደ ሰማይ ያነሣሉ። በዚህ ጊዜ ነፋሱ ቀና ሲል ሙሾው ደረሰው።

ያገሩን መልክ ሁሉ በብልቃጥ ሞልቶ፣
ወንዳወቅ ሄደብን የራሱን ረስቶ።

ወንዳወቅ የራሱን ስም በሙሾ ውስጥ ሰማ፤ የሚለቀሰው ለእሱ ነው። ግን ዓይኑ ገና ከቀዳዳው ላይ አልተነሣም፤ በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ የአክስቱ አውራ ጣት፣ ቅቤ የነካ ሙሉ አውራ ጣት፣ መስተዋቱ ላይ አርፎ ይታየዋል። ሞትን ረሳው። ከእርከኑ ቁልቁል ሮጠ።

«መስተዋቱን አትንኩት! እትዬ ዓባይነሽ! መስተዋቱን!»

ሟች ራሱን ለለቀስተኛው ያስታወቀው በዚህ ቃል ነው። ሜዳው ተንጫጫ። ሴቶቹ ተበተኑ፤ የሸሸ አለ፣ የወደቀ አለ፣ ድንጋይ ያነሣ አለ። የደብሩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ወደፊት ዘርግተው «በስመ አብ!» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዓባይነሽ ግን አልሸሹም። በእጃቸው ያለውን ወረወሩበት። ሰማንያ አምስቱ የወንዳወቅን ግንባር ለጥቂት ስቶ ከድንጋይ ጋር ተገናኘ።

ወንዳወቅ በጉልበቱ ወድቆ ሌንሱን አነሣ። ለብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። «ውይ! ውይ!» አለ፤ እንባውም መጣ። ቀና ሲል እናቱ ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ጉንጫቸው ተነጭቷል። ከሙታን የተመለሰ ልጃቸው መጀመሪያ ያቀፈው ምን እንደሆነ ቆመው አይተዋል።

አቀፉት።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቆይቶ ነው የተፈታው። ቅዳሜ ጠዋት ፈረስ ቤት፣ ሠርክአዲስ የምትባል የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ ወደ ዓባይነሽ ትሮጣለች። «እኒህ እህትዎ አይደሉም?» ዓባይነሽ ያያሉ፤ እህታቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ መሬት ታያለች። «ከሥር ያለው ጽሕፈት ምን ይላል?» «ወንዳወቅ ይላል።» ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ዓባይነሽ ዘመድ ሰብስበው በአይሱዙ ተጭነው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህታቸው ደጅ ሲደርሱ «ወንዳወቄን! ወንዳወቄን!» እያሉ ወረዱ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ደግሞ መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ሳይነገር፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከሩቅ እያለቀሰ። እህትየው እሷ ታውቃለች ብለው አለቀሱ። እናትየው እነሱ ሰምተው መጡ ብለው አለቀሱ። ልጁ ምን ሆኖ ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ለቀስተኛ በዚያ አገር አልተወለደም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ጥያቄው ይደርሳል።

እስኪመሽ ድረስ አሟሟቱም ተገኘለት። አንዱ ሞተሩ ገደል ገባ አለ፤ ሌላው የለም፣ ሊከትበው የተጠጋው ኮርማ ነው የወጋው አለ፤ የኮርማውን ቀለም የሚያውቅም አልጠፋ። ተስፋው ተጠርቶ ስልክ ቢደውል ዝግ ነው። መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ ቀበሌ ወርዷል አሉት። ወደ ቀበሌው ሰው ልኮ ቢያስጠይቅ ከብቶቻችንን አጉረን እየጠበቅነው ነው አሉ። ተስፋው አለቀሰ፤ ቤቱንም አስከፍቶ ለለቅሶው አሳድጎ የሚያሳትመው ፎቶ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ይፈልግ ጀመር። ግድግዳ አገኘ። የበሬ ቀንድ አገኘ። የፀሐይ መውጫ፣ የፀሐይ መግቢያ፣ ደግሞ ግድግዳ። ከዚያ ሁሉ ሺህ ፎቶ ውስጥ ወንዳወቅ የተገኘበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሣር ላይ የወደቀ ጥላው። ጥላ ተይዞ አይለቀስም። ስለዚህ ዕቃውን ጭኖ መጣ።

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ። የፈረስ ቤት ሰዎች አጨዳ ጥለው ነው የመጡት። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ወደ ወንዳወቅ ቀረብ ብለው ትከሻውን በመስቀላቸው ነካ አደረጉት።

«እንግዲህ ልጄ፣ የጸለይነውን ወደ ኋላ አንመልሰውም። ቀድሞ የገባ ነውና ይቀመጥልህ» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ። አንቱንም አስቸገርሁ።»

«እኔንስ አላስቸገርኸኝም። የተቸገርሁት ስለ አንተ ደግ ነገር ተናገሩ ሲሉኝ ነው።»

ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት ንፍሮ በሰፌድ አምጥታ ከፊቱ አኖረች። ወንዳወቅ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ከራሱ ለቅሶ ንፍሮ ዘግኖ በላ። ተስፋው አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ ይምታው ወይ ይቀፈው አልቆረጠም።

ወንዳወቅ ንፍሮውን ሲጨርስ ፀፀቱ መጣ። ፀፀት ሲመጣበት ደግሞ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ቦርሳውን ፈታ፤ አዲሱን ሌንስ አወጣ፤ ካሜራው ላይ ገጠመ። ማቆሚያውን ከሴትየዋ ተቀብሎ ከመደቡ ፊት ተከለው። እናቱ እዚያ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ።

«እማ፣ ይኸውልሽ። ለሁለት ሰው የሚሆነው ይኸ ነው። አሁን አብረን እንነሣለን። ብርሃኑም ደህና ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዞረ። ስንት ዘመን የለመኑት ነገር ነው። ዓባይነሽ እንኳ ቁጣቸውን ትተው «በይ እንጅ እቴ፣ ነጠላሽን አቅኝና ተነሽ» አሉ።

«ፎቶ?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። ድምፃቸው ሰልሏል። «ተወው ልጄ።»

«እማ፣ አንች እኮ ነሽ…»

«ትናንት ዓባይነሽ ሙሾ ልታወርድልህ መልኩን ንገሪኝ አለችኝ። ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ የፊቱን አወራረድ ንገሪኝ፣ ላሞግሰው አለችኝ። እናት አይደለሁ? ልነግራት አፌን ከፈትሁ። አልመጣልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ፈለግሁት፤ አልመጣልኝም። ፊትህን ላስብ ስል የሚመጣብኝ ያ ጥቁር ነገር ነው። ዓይንህ ባለበት እሱ ነው ያለው። አፍንጫህ ባለበት እሱ ነው ያለው። የወለድሁት ልጅ ሞቶብኝ መልኩ ጠፋኝ።»

ወንዳወቅ እጁን ከካሜራው ላይ አነሣ። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ቀረ። የሚገርመው፣ እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም ነበር፤ ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

«ና እዚህ» አሉት። ጎናቸው አይደለም፤ ፊት ለፊታቸው፣ መሬቱ ላይ አስቀመጡት። ቀና ሲል ዓይናቸውን ሸሸ፤ ወደ ዛፉ አየ፣ ወደ ተስፋው አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወደዚህ እየኝ። አትነቃነቅ።»

አገጩን በጣታቸው ይዘው ያዩት ጀመር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ወንዳወቅ ያለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን እንባውን አልጠረጉለትም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። የፈረስ ቤት ሰዎች አይሱዙው ላይ ወጡ። መሪጌታ ለሠርክ ጸሎት ሄዱ። ተስፋው ዕቃውን አንድ ባንድ ወደ ሣጥኑ መለሰ፤ ፀሐይዋም ገባች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ገና ቅንድቡ ላይ ነበሩ።